ፓይተን ‹የለም› ሲል፦ ሞጁል የሚፈልግበት መንገድና የሚይዘው ማስታወሻ

የምርምር ዘዴ ኮርስ ላይ መጠይቅ ሰብስበን መልሱን በፓይተን እንድናጠናቅር ሲሰጠን፣ ከሶሻል ወርክ ክፍል የመጣን ብዙዎቻችን የምንደናቀፈው በስታቲስቲክሱ አይደለም። ገና በመጀመሪያው መስመር፣ ‹ኢምፖርት› በሚለው ላይ ነው። ፋይሉ ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል፤ ስሙም በትክክል ተጽፏል፤ ፓይተን ግን በቀይ ‹ሞጁል-ኖት-ፋውንድ-ኤረር› ይላል፤ እንዲህ ያለ ሞጁል አላገኘሁም ማለቱ ነው። ፕሮግራሙን ዘግተን ስንከፍተው ደግሞ ያው መስመር ምንም ሳይነካ ይሠራል። ሰው የሚያሳብደው ይኼ ሁለተኛው ነው።

ቤቱ ውስጥ መሐንዲስ ወንድም ያለው ተማሪ በሁለት ደቂቃ ስልክ ይገላገላል። ብዙዎቻችን ግን ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያዎቹ ነን። እናቶቻችን ቡና አፍልተው ‹አይዞሽ፣ አይዞህ› ይሉናል እንጂ ያንን ቀይ ጽሑፍ ሊፈቱልን አይችሉም። እኩለ ሌሊት ላይ ‹እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም› ብሎ ላፕቶፑን የሚዘጋ፣ ከዚያም ኮርሱን የሚተው አለ። ጽሑፉ ግን ስለ ተማሪው ምንም አይናገርም። የሚናገረው ፓይተን የት የት እንደፈለገና ምን አይቶ እንዳቆመ ነው። እሱን ደግሞ ማንም ሊማረው ይችላል፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የኮዱን ቃላት እንደሚነበቡ በፊደላችን እንጽፋቸዋለን። ኪቦርድ ላይ በላቲን ትጽፏቸዋላችሁ፤ ነጥቡና የግርጌ ሰረዙ ባሉበት ይቆያሉ።

መጀመሪያ የሚያየው ፎልደር አይደለም

‹ኢምፖርት ቤተሰብ› ብለን ስንጽፍ ፓይተን ወደ ዲስኩ አይሮጥም። መጀመሪያ የሚከፍተው ‹ሲስ.ሞጁልስ› የሚባለውን መዝገብ ነው። ፕሮግራሙ ከተነሣ ጀምሮ የተጫኑ ሞጁሎች ሁሉ በስማቸው እዚያ ተጽፈዋል። ስሙ ካለ ፍለጋ የሚባል ነገር የለም፤ ያንኑ አንሥቶ ይሰጠናል።

ጁፒተር ኖትቡክ ላይ የምትሠሩ ይህን ሳታዩት አትቀሩም። ‹ቤተሰብ.ፓይ› ውስጥ አንድ ቀመር ታርማላችሁ፣ ታስቀምጣላችሁ፣ የኢምፖርቱን ሴል ደግማችሁ ታስኬዳላችሁ፤ ውጤቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ኖትቡኩ እስካልተዘጋ ድረስ መዝገቡም አልተዘጋምና፣ የሚሰጣችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት የጫነውን ነው። ‹ኢምፖርትሊብ.ሪሎድ›ን መጥራት ወይም ከርነሉን እንደገና ማስነሣት ያስፈልጋል። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ሪሎድ ሞጁሉን ቢያድስም፣ አስቀድሞ ‹ፍሮም ቤተሰብ ኢምፖርት ድምር› ተብሎ የተወሰደውን ‹ድምር› አያድሰውም፤ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

በነገራችን ላይ ‹ቤተሰብ› ያልነው ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም። ከፓይተን 3 ጀምሮ የሞጁልም ሆነ የተለዋዋጭ ስም በፊደላችን፣ በዕብራይስጥም፣ ሊጻፍ ይችላል። የፋይሉ መጨረሻ፣ ማለትም ነጥቡና ‹ፓይ› የሚለው፣ ብቻ ላቲን መሆን አለበት። አስተማሪዎቻችሁ ይወዱላችኋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ፈላጊዎቹ

ስሙ መዝገቡ ላይ ከሌለ ፍለጋው ይጀመራል። ‹ሲስ.ሜታ_ፓዝ› በሚባል ዝርዝር ላይ ፈላጊዎች ተሰልፈዋል፤ በተለመደው አጫጫን ሦስት ናቸው። አንዱ ከፓይተኑ ጋር አብረው የተሠሩትን፣ እንደ ‹ሲስ› ያሉትን፣ ያውቃል። ሌላው ‹ፍሮዝን› የሚባሉትን፣ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ተጠቅልለው የተቀመጡትን። እኛን የሚመለከተን ሦስተኛው፣ ‹ፓዝ ፋይንደር›፣ ነው። ፎልደር ለፎልደር እየዞረ የሚጠይቀው እሱ ነው።

የሚዞርባቸው ቦታዎች ‹ሲስ.ፓዝ› ላይ በቅደም ተከተል ተጽፈዋል። ፊት የምናስኬደው ስክሪፕት ያለበት ፎልደር ይመጣል። ያለ ስክሪፕት በቀጥታ ፓይተን ውስጥ ገብተን ከሆነ በዚያ ቦታ ባዶ ጽሑፍ ይቀመጣል፤ ትርጉሙ ‹አሁን ያለንበት ፎልደር› ነው። ቀጥሎ ‹ፓይተንፓዝ› የተባለው የሲስተም ተለዋዋጭ ላይ የጻፍናቸው ካሉ እነሱ፣ ከዚያ የፓይተን የራሱ ቤተ መጻሕፍት፣ መጨረሻ ላይ ‹ሳይት-ፓኬጅስ›፦ በ‹ፒፕ› የጫንናቸው፣ እንደ ፓንዳስ ያሉት፣ የሚያርፉበት። ቀድሞ የተገኘው ያሸንፋል። ፓይተን ‹ከዚህ የተሻለ ወደፊት ይኖር ይሆን?› አይልም።

ስለዚህ የመጠይቁን ሥራ ‹ስታቲስቲክስ.ፓይ› ብሎ የሚሰይም ተማሪ ጣጣ ይጠራል። በዚያ ስም የፓይተን የራሱ ሞጁል አለ፤ ግን የስክሪፕቱ ፎልደር ፊት ስለሆነ ‹ኢምፖርት ስታቲስቲክስ› ሲባል የሚመጣው የራሱ ፋይል ነው። አማካይ ሲጠይቀው ‹እንዲህ ያለ ነገር የለኝም› ይላል፣ እውነቱን ነው። 3.13 በዚህ ጊዜ ‹ፋይልህ ከመደበኛው ሞጁል ጋር ስም ተጋርቷል፣ ስሙን ለውጠው› ብሎ በግልጽ ይመክራል። የቆየ ፓይተን ያለን ግን ራሳችን መጠርጠር አለብን። ‹ራንደም›፣ ‹ኮድ›፣ ‹ካለንደር› የሚሉትንም ስሞች ራቋቸው።

ፎልደሩን ስንት ጊዜ ያነበዋል?

ፓንዳስን የመሰለ ትልቅ ነገር ሲጫን አብረውት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞጁሎች ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ስም በየፎልደሩ እየተገባ ‹በዚህ ስም ፎልደር አለ? ፓይ ፋይል አለ? ፓይሲስ?› እየተባለ ዲስኩ ቢጠየቅ ጊዜ ይፈጃል፤ ፎልደሩ ሩቅ ያለ የኔትወርክ ዲስክ ከሆነማ አያድርስ ነው። የድሮው ፓይተን አሠራር ለዚህ የቀረበ ነበር። በሴፕቴምበር 2012 የወጣው 3.3 የኢምፖርትን ሥራ በራሱ በፓይተን ወደተጻፈው ‹ኢምፖርትሊብ› አዛወረው፤ የዚህ ሥራ ዋና ባለቤት ብሬት ካነን ነው። የፎልደሮችን ይዘት በማስታወሻ መያዝም አብሮ መጣ።

አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። ፓዝ ፋይንደር ከሲስ.ፓዝ አንድ የፎልደር ስም ያነሣና፣ ለዚያ ፎልደር የተመደበ ሠራተኛ እንዳለ ‹ሲስ.ፓዝ_ኢምፖርተር_ካሽ› ላይ ያያል። ከሌለ ‹ሲስ.ፓዝ_ሁክስ› ላይ ያሉትን በተራ ይጠይቃል፦ ይህን ቦታ ማን ይረከባል? የመጀመሪያው ዚፕ ፋይል ካልሆነ አልቀበልም ይላል። ሁለተኛው በእርግጥ ያለ ፎልደር ከሆነ ይቀበልና ‹ፋይል ፋይንደር› የሚባል ሠራተኛ ይመድብለታል። ምደባው በፎልደሩ ስም ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ፎልደር በሚመለከት የሚጠየቀው ያው ሠራተኛ ነው።

ሠራተኛው ደግሞ የራሱ ማስታወሻ አለው። መጀመሪያ ሲጠየቅ የፎልደሩን ይዘት ስም በስም ይዘረዝራል፤ ፎልደሩ መጨረሻ የተለወጠበትን ሰዓትም አጠገቡ ይጽፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ይዘቱን ደግሞ አያነብም። ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንዲት ጥያቄ ብቻ ያቀርባል፦ ይህ ፎልደር መጨረሻ የተለወጠው መቼ ነው? መልሱ ከጻፈው ጋር አንድ ከሆነ ዝርዝሩን ያምናል፤ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ሌላ ሳይፈትሽ ‹የለም› ይላል። ሰዓቱ ከተለየ የድሮውን ዝርዝር ጥሎ አዲስ ያዘጋጃል።

የፎልደር ሰዓት የሚለወጠው በውስጡ ስም ሲጨመር፣ ሲጠፋ ወይም ሲቀየር ነው። አንድ ፋይል ባለበት ጽሑፉ ብቻ ቢታረም የፎልደሩ ሰዓት አይነካም። ለዚህ ሠራተኛ ይህ ይበቃዋል፤ የያዘው ስም እንጂ ይዘት አይደለምና።

ዝርዝሩ ላይ ሲፈልግም ቅደም ተከተል አለው። በተጠየቀው ስም ፎልደር ካለና ውስጡ ‹__ኢኒት__.ፓይ› ካለ መጀመሪያ እሱን ይወስዳል። ቤተሰብ የሚባል እንዲህ ያለ ፎልደርና ቤተሰብ.ፓይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ፎልደሩ ያሸንፋል፣ ፋይሉን የሚያስታውሰው የለም። ‹__ኢኒት__› የሌለው ፎልደር ግን ወዲያው አይወሰድም። ፓይተን የቀረውን መንገድ ሁሉ ዞሮ በዚያ ስም ሌላ ነገር ካጣ ብቻ ‹ኔምስፔስ ፓኬጅ› አድርጎ ይቀበለዋል። ለዚህ ነው ባዶ ፎልደር አንዳንዴ ያለ አንዳች ስህተት ኢምፖርት የሚሆነው፤ ከዚያ ከውስጡ ነገር ስንጠይቀው ነው ጉዱ የሚወጣው።

ማስታወሻው ሲያረጅ

ሰዓት አይቶ ማመን ብልህ ዘዴ ነው፤ ቀዳዳ ግን አለው። የፋይል ሥርዓቶች ሰዓት የሚመዘግቡበት ደቂቅነት ይለያያል። በአዳዲሶቹ የሰከንድ ትንሽ ክፍልፋይ ነው፤ ማክ ድሮ ይጠቀምበት በነበረው ኤችኤፍኤስ ፕላስ ሙሉ ሰከንድ ነበር።

አንድ ፕሮግራም የመጠይቁን ጥያቄዎች አንብቦ ለእያንዳንዱ ክፍል የፓይተን ፋይል እየጻፈ፣ የጻፈውን ወዲያው ኢምፖርት ያደርጋል እንበል። የመጀመሪያውን ፋይል ይጽፋል፤ የፎልደሩ ሰዓት ይለወጣል። ኢምፖርት ያደርጋል፤ ሠራተኛው ይዘቱን ዘርዝሮ ሰዓቱን ይጽፋል። በዚያችው ቅጽበት ሁለተኛው ፋይል ይጻፋል። የፎልደሩ ሰዓት እንደገና ተመዝግቧል፤ ነገር ግን በዚያው ሰከንድ ወይም በዚያው የሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ስለሆነ ቁጥሩ አንድ ነው። ሠራተኛው ያንን አይቶ ‹ምንም አልተለወጠም› ይልና ከአሮጌው ዝርዝር ይመልሳል፦ የለም።

ነገሩን ምሥጢር የሚያስመስለው ይህ ነው። ኖትቡክ ላይ ሴል በሴል ስታስኬዱት ይሠራል፤ በሁለት ሴል መካከል እጃችሁ እስኪንቀሳቀስ ሰዓቱ አልፏልና። ‹ሁሉንም አስኪድ› ስትሉ ይወድቃል። አስተማሪው ጋ ሄዳችሁ ስታሳዩት ደግሞ ይሠራል፤ ‹ታዲያ ምን ሆንሽ?› ትባላላችሁ።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ፕሮግራሙ ራሱ አዲስ ፋይል ከፈጠረ፣ ከኢምፖርቱ በፊት ‹ኢምፖርትሊብ.ኢንቫሊዴት_ካሽስ› የሚለውን ይጥራ። ይህ ትእዛዝ በየሠራተኛው ማስታወሻ ላይ የተጻፈውን ሰዓት በማይሆን ቁጥር ይተካዋል፤ በሚቀጥለው ጥያቄ ሰዓቱ ስለማይገጥም ሁሉም እንደገና ይዘረዝራሉ። ሲስ.ሞጁልስን ግን አይነካም፤ አስቀድሞ የተጫነን ሞጁል ያድስልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

‹በአድራሻው አልተገኙም›

ከዚህ የከፋው ሌላ ነው። ፎልደሩ መጀመሪያ በተጠየቀበት ሰዓት ጨርሶ ባይኖርስ? ዚፕ የሚቀበለው አይቀበለውም፤ ፎልደር የሚቀበለውም ፎልደር አይደለም ብሎ ይመልሰዋል። ፓይተን በዚያ ስም ፊት ‹ነን› ብሎ ይጽፋል፤ ይህን ቦታ የሚይዝ ሠራተኛ የለም ማለት ነው። ሠራተኛ ከሌለ ደግሞ ሰዓት የሚያይም የለም። ፎልደሩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቢፈጠር፣ በፋይል ቢሞላ፣ ፓይተን መዝገቡ ላይ ‹ነን›ን አንብቦ ያልፈዋል።

በሃክሻራ፣ በመስክ ልምምድ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ነገር ወረቀት ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል እንማራለን። ቤተሰቡ ገና መርካዝ ክሊታ ሳለ አንድ ሰው አዲሱ ቤት ሄዶ ያንኳኳል፤ ማንም የለም። ‹በአድራሻው አልተገኙም› ብሎ ፋይሉ ላይ ይጽፋል። በሳምንቱ ቤተሰቡ ይገባል፤ ልጆቹ መስኮት ላይ ይታያሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ ግን ፋይሉን ያነባል እንጂ በሩን አያንኳኳም።

ይህ የሚያጋጥመን በተለይ ኮላብ ላይ ስንሠራ ነው። ተማሪው የመጀመሪያው ሴል ላይ የጉግል ድራይቭ ፎልደሩን ‹ሲስ.ፓዝ.አፔንድ› ብሎ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይጨምራል፣ ጥቂት ኢምፖርቶች ያስኬዳል፣ ድራይቩን የሚያገናኘው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ድራይቩ እስኪገናኝ ድረስ ያ ፎልደር ለፓይተን የለም። በዚያ መካከል ፍለጋው እስከ ዝርዝሩ መጨረሻ ከደረሰ ‹ነን› ይጻፋል። በኋላ በጎን ያለው የፋይል ማሳያ ሁሉን ነገር ያሳያል፣ ኢምፖርቱ ግን ‹የለም› ይላል።

‹ከደረሰ› ያልነው በምክንያት ነው። መጨረሻ ላይ የተጨመረ ፎልደር የሚጠየቀው ከፊቱ ያሉት ሁሉ ሳያገኙ ሲቀሩ ብቻ ነው። ፓንዳስ በሳይት-ፓኬጅስ ከተገኘ ፍለጋው እዚያ ያበቃል። ነገር ግን ብዙ ቤተ መጻሕፍት ‹ካለ ልጠቀምበት› ብለው ያልተጫነ ሞጁል በውስጣቸው ይሞክራሉ፤ ያ ሙከራ እኛ ሳናየው እስከ መጨረሻው ይዞራል። ለዚህ ነው አንዱ ተማሪ ላይ የሚታየው ችግር፣ ያንኑ ኮድ በሌላ ቅደም ተከተል ያስኬደው ጓደኛው ላይ የማይታየው።

ድራይቩን ማገናኘት መቅደም አለበት፤ የፎልደር ስም መጨመር ከዚያ ይከተላል። ነገሩ አስቀድሞ ከተበላሸም ኢንቫሊዴት_ካሽስ እዚህም ይሠራል፤ ‹ነን› የተጻፈባቸውን ምዝገባዎች ይሰርዛቸዋል፣ በሚቀጥለው ኢምፖርት በሩ እንደገና ይንኳኳል።

ጥቂት የሚምታቱ ነገሮች

ፎልደራችሁ ውስጥ ሳትጠሩት የሚመጣው ‹__ፓይካሽ__› ከላይ ካልነው ሁሉ የተለየ ነው። ፓይተን የተተረጎመውን ኮድ እዚያ ያስቀምጣል፤ የዋናውን ፋይል ሰዓትና መጠን አብሮ ስለሚጽፍ ፋይሉ ሲታረም ትርጉሙንም ያድሳል። ‹የለም› ለሚል ስህተት ይህን ፎልደር ደምስሱ የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። መደምሰሱ አይጎዳም፣ ግን ሞጁል አላገኘሁም ለሚል ፓይተን አይፈይድለትም።

ትልቅና ትንሽ ፊደል ደግሞ እኛን በተለይ ያጠቃናል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ዕብራይስጥም የለውም። ዓይናችን ያንን ልዩነት እንዲያይ አልሠለጠነም። ዊንዶውስ ላይ የዳታ ፋይል ስንከፍት ስሙ በትልቅ ቢጀምር በትንሽ ግድ የለውም፤ ኢምፖርት ላይ ግን ፓይተን ዝርዝሩ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ያመሳክራል፣ በዊንዶውስም ቢሆን።

የቀረው የሁለት ፓይተን ጉዳይ ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሦስት ፓይተን መኖሩ የተለመደ ነው፤ ፒፕ ወደ አንዱ ሲጭን ኖትቡኩ በሌላው ይሮጣል። ‹ፒፕ ኢንስቶል› ብቻ ከማለት ‹ፓይተን -ኤም ፒፕ ኢንስቶል› ማለት ይሻላል፤ ጭነቱ በዚያ ስም በተጠራው ፓይተን ውስጥ ያርፋል።

ለጥናት ቡድኑ ‹አልሠራልኝም› ብላችሁ ስትጽፉ፣ ከቀዩ ጽሑፍ ጋር ሦስት ነገር አትማችሁ ላኩልን። ‹ሲስ.ኤክስኪዩቴብል› የትኛው ፓይተን እየሠራ እንደሆነ ይነግረናል። ‹ሲስ.ፓዝ› ፎልደራችሁ ዝርዝሩ ላይ መኖሩንና ስንተኛ መሆኑን። ሦስተኛው ‹ሲስ.ፓዝ_ኢምፖርተር_ካሽ› ነው፤ እዚያ ላይ የፎልደራችሁን ስም ፈልጉ። ፊቱ ‹ነን› ከተጻፈ ኢንቫሊዴት_ካሽስ ጠርታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ፋይል ፋይንደር ከተጻፈ ፎልደሩ ታውቋል፤ የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል እንይ። ስሙ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ፓይተን ገና ወደዚያ ፎልደር አልደረሰም፤ ችግሩ ከፊቱ ባለ ሌላ ቦታ ነው።